የእማማ ዓለምዬ ደርሷል

ፈትያ ባሽር ተቀምጣ ያየኋት ጊዜ ጥቂት ነው። ዳባት ላይ ሳስተምራት እንኳ የዴስኩ ጫፍ ላይ እንደ ወፍ ነበር የምታርፈው፤ ጥያቄዬን ሳልጨርስ እጇ ይወጣል፣ እጇ ሳይወርድ እሷ ራሷ ቆማለች። እኛ ልጆች ሳለን የተማርንበት የግብረ ገብ መጽሐፍ ላይ እጁን አጣምሮ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ልጅ ሥዕል ነበረ፤ ከሥሩም «ጨዋ ልጅ» የሚል ጽሑፍ። ያ ሥዕል ከዓይኔ ስለማይጠፋ ስንት ጊዜ «ኧረ ፈትያ፣ ተቀመጭ» እንዳልኋት! ጨዋስ ጨዋ ነበረች፤ መቀመጥ ነው እንጂ ያልሆነላት።

አባቷ ባሽር የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ዳባት ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ውሎዬ ከሱቁ ደጃፍ፣ ከአግዳሚዋ ላይ ነው። ፈትያ ጎንደር ሄዳ የማኅበራዊ ሥራ ሙያ ተምራ ስትመለስ፣ ወረዳውም ሲቀጥራት፣ ወሬውን የሰማሁት እዚያው ነው።

«ምን ልትሠራ ነው የተቀጠረችው?» አልሁት።

«ቤት ለቤት ልትዞር» አለኝ ባሽር፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል እንዳደረገ። «አልሐምዱሊላህ፣ ለመዞርም ደመወዝ የሚከፈልበት ዘመን መጣ። ይች ልጅ እኮ በነፃም ትዞር ነበር።»

መጀመሪያ ሰሞን የገጠሩ ሰው ምን ብሎ እንደሚይዛት ግራ ገብቶት ነበር። አሮጊቶቹ «ሐኪም ነሽ?» ይሏታል። «አይደለሁም።» «አስተማሪ?» «አይደለሁም።» «ታዲያ ምን ልትሰጭን መጣሽ?» እሷም «እኔ የምሰጠው የለኝም፤ የሚገባዎትን እንዲያገኙ ነው የማግዝዎት» ስትል፣ «እሱማ የእግዜር ሥራ ነው» ብለው ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቅና ወደሚቀጥለው ቤት ትሮጣለች።

ከዚያ ደባርቅ ለሥልጠና ተጠራች። ዞኑ የየወረዳውን ማኅበራዊ ሠራተኞች ሰብስቦ ስለ ማኅበራዊ ደኅንነት ፖሊሲና ስለ ጥብቅና አስተማራቸው። የተመለሰች ዕለት ሚኒባሱ ሲያወርዳት ቦርሳዋን እንኳ ቤት ሳታደርስ ነው ሱቁ ደጃፍ መጥታ የቆመችው። ነፋሱ ሻሿን እያውለበለበው፣ እሷም ከአንድ እግሯ ወደ ሌላው እየተዛወረች፦

«ጋሼ፣ አሁን ገባኝ! እስከ ዛሬ የሰውን ችግር ሰምቼ ነበር የምመለስ። ችግሩ ግን ከቤቱ ብቻ አይመጣም፤ ከአሠራሩም ይመጣል። አሠራሩ እንዲቃና መሟገት ሥራዬ ነው። ጥብቅና ማለት ድምፅ ለሌለው ድምፅ መሆን ነው።»

«ድምፅስ አንች ጋ ሞልቷል» አለ ባሽር መቀሱን ከጨርቁ ሳያነሣ። «ለሁለት ወረዳ ይተርፋል።»

እኛ ስቀን ሳናበቃ እሷ ሄዳለች።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው እኔ በምኖርባት ቀበሌ ነው፤ ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲወጡ ከአስፋልቱ በስተግራ፣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ። ከአጥሬ ማዶ እማማ ዓለምዬ የሚባሉ እናት አሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት ከአንዲት ልጃቸው ከስመኝ ጋር ነው። ስመኝ ትልቅ ሰው ናት፤ ጠጉሯ ሽበት ጀማምሮታል። የሚጥል በሽታ አለባት። ድሮ ምድጃ ላይ ወድቃ የግራ እጇ ጣቶች በጠባሳ ተኮማትረዋል። ጤና ጣቢያው የሚሰጣትን ኪኒን በየቀኑ ስትውጥ ደኅና ናት፤ ውኃ ትቀዳለች፣ ታርማለች፣ ጨዋታም ታውቃለች። ኪኒኑ ሲቋረጥ ይጥላታል። ኪኒኑን የሚያስገኘው ደግሞ የነፃ የጤና መድን መታወቂያ ነው፤ መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦችን ቀበሌው በየዓመቱ እየመረጠ የሚያድስላቸው።

የዚያን ዓመት ምርጫ ከትምህርት ቤቱ በታች ባለው ሜዳ ላይ ሆነ። እኔ ጉንፋን ጥሎኝ አልሄድሁም፤ የሆነውን ግን የሄደው ሁሉ በአንድ ቃል ነው የነገረኝ። በእኛ አገር ስብሰባ ሲጠራ ሰው ያለውን ይለብሳል፤ የሌለውም ተውሶ ይለብሳል። በቤት ልብስ ጉባኤ ፊት መቆም ጉባኤውን መናቅ ነው። እማማ ዓለምዬም አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጭ ነጠላ ተከናንበው፣ ጫማ አድርገው ነበር የወጡት። ነጠላው የጎረቤታቸው የደርቤ ነው። የቀበሌው ሊቀ መንበር መንግስቴ ከወዲያኛው ጎጥ የመጣ፣ ለሹመቱ አዲስ የሆነ ጎልማሳ ነው፤ ይህን ከየት ያውቃል?

«እማማ ዓለምዬ፣ እንዴት ነዎት?» አላቸው ሰው ሁሉ እየሰማ።

«ይመስገን የኔ ጌታ፤ ምን እሆናለሁ።»

«ቤትዎ ችግር አለ እንዴ?»

«የሚመሰገን አይታጣም። አለሁ፣ ደኅና ነኝ።»

መንግስቴ ነጠላውን አየ፣ ጫማውን አየ፤ «እግዜር ይስጥልን፣ ይቀመጡ» ብሎ ሌላ ስም ጠራ። ከጎረቤትም ማንም አልተነፈሰም። ሰውን በሰው ፊት «እሷ እኮ ደሃ ናት» ብሎ የሚነሣ የት ይገኛል?

ፈትያ ጉዳዩን የሰማችው ጤና ጣቢያ ነው። ስመኝ ኪኒን ልትወስድ መጥታ «መታወቂያሽ አልታደሰም» ሲሏት፣ ፈትያ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ነበር። እሑድ ዕለት ቅሬታ የሚሰማበት ስብሰባ እንዳለ ስታውቅ፣ እስከዚያ ድረስ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፈችው እናቷ ይንገሩ፤ ሌሊቱን እየተነሣች ግቢው ውስጥ ትመላለስ ነበር አሉ።

እሑድ እኔም ሄድሁ። ከሰሜን ተራሮች የሚወርደው ነፋስ ሜዳውን ይጠርገዋል። እማማ ዓለምዬ ያንኑ ነጠላ ለብሰው ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠዋል። ለቅሬታ ሳይሆን፣ ተጠርቶ መቅረት ነውር ስለሆነ ነው የመጡት። መንግስቴ «ቅሬታ ያለው?» ሳይል አልቀረም፤ እኔ የሰማሁት ግን የፈትያን ድምፅ ነው።

«እኔ አለኝ! ስለ እማማ ዓለምዬ ነው። ባለፈው ደኅና ነኝ ያሉት ለወጉ ነው። ቤታቸው ገብቼ አይቻለሁ፤ ጎታው ባዶ ነው። ጣራው ያፈሳል። ልጃቸው ስመኝ የሚጥል በሽታ አለባት፤ ኪኒኑ ከተቋረጠ ነገ እሳት ላይ ብትወድቅ ተጠያቂው ማን ነው? የለበሱትን አይታችሁ አትፍረዱ፤ ነጠላውም እኮ የውሰት ነው!»

ሜዳው ጸጥ አለ። ፈትያ ጸጥታውን የማሸነፍ ምልክት መሰላት፤ ፊቷ ሲበራ አየሁ። እማማ ዓለምዬ ቀስ ብለው ተነሡ።

«አንች የባሽር ልጅ» አሉ። «ማን ላከሽ?»

«እማማ፣ እኔ ለስመኝ ብዬ...»

«የልጄን ስም ከአፍሽ አውጭ። እኔ ነኝ የላክሁሽ?»

«አይደሉም፣ ግን...»

«እንግዲያስ ተቀመጭ።» ወደ ሰዉ ዞሩ። «ጉባኤ፣ ይቅር በሉኝ። እኔ አልተራብሁም። የተራበ ካለ ለእሱ ስጡት።» ከዚያ ነጠላውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ ሳይቸኩሉ በአራት አጠፉት፤ ደርቤ ጉልበት ላይ አኖሩትና በዚያች ሳሳ ባለች ቀሚስ፣ በነፋሱ ውስጥ፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ደርቤ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። መንግስቴ «በቃ፣ አልፈልግም ብለዋል» አለ፤ እንደዚያው ተጻፈ።

ፈትያ ያን ዕለት ወደ ዳባት በእግሯ ነው የተመለሰች።

ከማግስቱ ጀምሮ በአጥሬ በኩል የምታልፈው እሷ ናት። የእማማ ዓለምዬን በር ታንኳኳለች፤ ከውስጥ የእማማ ዓለምዬ ድምፅ «የለችም በያት!» ይላል። ቀጥሎ ስመኝ በሩን ገርበብ አድርጋ «እናቴ የለችም ትላለች» ትላታለች፣ እንዳትስቅ ከንፈሯን ነክሳ። ፈትያ ኪኒኑን በራሷ ገንዘብ ገዝታ ደጃፉ ላይ አኖረች። በማግስቱ እንደታሸገ ባሽር ሱቅ ተመልሶ መጣ።

«ይኸውልሽ» አላት አባቷ እሽጉን እያሳያት። «ዕቃ የሚመለስብኝ ጨርቁ ሲያጥር ነበር። አሁን በአንች ሥራ መድኃኒትም ይመለስብኝ ጀመር።»

«አባ፣ አትቀልድ። የስመኝ ብልቃጥ አልቋል እኮ።»

«አልቀለድሁም፤ ግራ ገብቶኝ ነው። እስቲ አንድ ጊዜ ቁጭ በይ።»

አልተቀመጠችም። በዚያው ሳምንት ስመኝ ምንጩ አጠገብ ወደቀች። ከንፈሯ ተተረተረ፤ እንስራዋ ተሰበረ። ደርቤ ደርሳ ባታነሣት ኖሮ ውኃው ውስጥ ነበረች። ፈትያ ይህን ስትሰማ ከአስፋልቱ ላይ ያገኘችው ሚኒባስ ላይ ወጥታ ደባርቅ ገባች።

ዞን ላይ ያለችው የሥራ አለቃዋ ዕፀገነት ትባላለች። በሥራው ያረጀች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ቢሮዋ ውስጥ ጋቢ ደርባ የምትሠራ ሴት ናት። የተነጋገሩትን ፈትያ ራሷ ነው ያጫወተችኝ።

«ድምፅ ሆንኋቸው፤ አዋረደችኝ ብለው ተነሡብኝ» አለች ፈትያ፣ በመስኮቱና በበሩ መካከል እየተመላለሰች።

«ድምፅ የላቸውም ነበር?»

«ማለት?»

«ሰምተሻቸዋል እኮ። ማን ላከሽ አሉሽ። እንዲህ ያለ ድምፅ እኔም የለኝ።» ዕፀገነት ጋቢዋን ሳብ አደረገች። «ከመነሣትሽ በፊት ልናገርልዎት ወይ ብለሽ ጠይቀሻቸዋል?»

ፈትያ መመላለሱን አቆመች።

«አልጠየቅሽም። ሥልጠናው ላይ እሱን ገጽ ስናስተምር አንች ውጭ ስልክ ታወሪ ነበር መሰለኝ።»

«ነበርሁ እትዬ፤ ተቀምጬ ነበር።»

«ተአምር ነው።» ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋን ተወች። «አሁን ስሚኝ። የሴትዮዋን ችግር ትተሽ አሠራሩን እይ። መመሪያው ኅብረተሰቡ ይምረጥ ይላል። ሜዳ ላይ አቁማችሁ ችግራቸውን አናዝዙ አይልም። እሱን የጨመራችሁት እናንተው ናችሁ። እንግዲህ የሰዉን ገበና ሳያወጣ የሚመርጥበት መንገድ ካለ ፈልጊ። ከእኔ አትጠብቂ፤ እኔ የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ ነኝ፤ የእናንተን ጎጥ አላውቀውም።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰሞን ሳስበው ፈትያን የማስታውሳት በጎን ነው፤ ስታልፍ፣ ስትሄድ፣ ስትመለስ። አንዳንድ ቀን በጸጥታው ምክንያት የደባርቁ መንገድ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ እንደ ታሰረ በቅሎ ሱቁ ፊት ትቆማለች። ዓይኗ ስር ጠቁሯል። ሰው ሲያናግራት መልሷን ጀምራ ትተወዋለች። ኪኒን የሌለበት እያንዳንዱ ቀን የእሷ ዕዳ ሆኖ ይታያት ነበር።

መፍትሔው ከለቅሶ ቤት መጣ። ጎጣችን ውስጥ አንድ ሽማግሌ ዐርፈው ነበር፤ የባሽር ቤተሰብም እንደ ወጉ ሊያስተዛዝን መጣ። የቅሬያችን፣ ማለት ለቀብርና ለለቅሶ የምንረዳዳበት የጎረቤት ማኅበር አለቃ፣ ገዱ ይባላል፤ የደርቤ ባል ነው። ለለቅሶ ቤቱ ከየቤቱ የሚዋጣውን እንጀራ በትልቅ መሶብ እያሰበሰበ ይዞራል። ፈትያ መቀመጥ ስለማይሆንላት ከኀዘንተኞቹ መካከል ወጥታ ከእኔ አጥር አጠገብ ቆማ ነበር። ገዱ የእማማ ዓለምዬ ደጅ ሲደርስ አልገባም። ቆም አለና፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«የእማማ ዓለምዬ ደርሷል!» አለ፤ ወደሚቀጥለው ቤት አለፈ።

ፈትያ አየችኝ። «ጋሼ፣ ምንም አልሰጡትም እኮ!»

«ዝም በይ» አልኋት።

ዝም አለች፤ እስኪያልፍ ብቻ ነው ግን። ገዱ መሶቡን ለለቅሶ ቤቱ አስረክቦ ሲወጣ ከኋላው ተከትላዋለች፤ እኔም ተከትያት ደረስሁ።

«አያ ገዱ፣ እማማ ዓለምዬ እንጀራ ሳይሰጡ ለምን ደርሷል አሉ?»

ገዱ ዙሪያውን ቃኘ። «አንች ልጅ፣ ያንለታ ሜዳ ላይ ያልሽው አልበቃሽም?»

«እሱን ልክሰው ብዬ ነው። በአላህ ይንገሩኝ።»

ገዱ ጥቂት አንገራገረ። «ቅሬ ውስጥ ያልቻለ ሰው ይኖራል። ያልቻለው አይጠየቅም፤ የሱን ሌላው በተራ ይጨምራል። እኔ ደጁ ላይ ደርሷል እላለሁ። የሰማው ሁሉ ሰጡ ይላል። አለቀ።»

«የማን እንደሚጨመር ማን ያውቃል?»

«ማንም አያውቅም» አለ ገዱ። ትንሽ ቆይቶም «ሁሉም ያውቃል» አለ፤ «ነገር ግን የሚናገር የለም።»

ፈትያ ከዚያ ቦታ ተነሥታ በቀጥታ መንግስቴ ቢሮ መግባቷን የሰማሁት በማግስቱ ነው። የቅሬ አለቆች ለብቻቸው ተጠርተው ደጃቸው ላይ «ደርሷል» የሚባልላቸውን ሰዎች ለቀበሌው መራጭ ኮሚቴ በጨዋነት ይንገሩ፤ ኮሚቴውም ሜዳ ላይ ከማናዘዝ ይልቅ ቤታቸውን ይጎብኝ፤ ይህ ነበር ሐሳቧ። መንግስቴ ግን እምቢ አላት።

«እኔ እኮ ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም ሜዳ ላይ ያወጣሁት» አላት። «ከእኔ በፊት በቢሮ ውስጥ ነበር የሚመረጥ። የአክስት ልጅ፣ የአማች ልጅ ሁሉ ገባ ተብሎ ቀበሌው ታምሶ ነበር። አሁን አንች መልሰሽ በጓዳ አድርገው ትይኛለሽ። ነገ ገዱ ዘመዱን ቢያስገባ ምን ልመልስ ነው?»

ፈትያ ሱቁ ድረስ መጥታ ሜትሩን ከአባቷ አንገት ላይ ወስዳ እየጠቀለለችና እየፈታች፣ «ልክ ነው እኮ ጋሼ» አለችኝ። «መንግስቴ የሚፈራው እውነት ነው። ሜዳው ዘመድን ይከለክላል፤ ግን ሰውን ይገፍፋል። ጓዳው ሰውን ይሸፍናል፤ ግን ለዘመድ ይመቻል።»

«ሁለት ሰው ይለካዋ» አለ ባሽር ሜትሩን ከእጇ እየነጠቀ። «እኔ ትልቅ ጨርቅ ስሸጥ ገዥውም ይለካል፣ እኔም እለካለሁ። ልኩ ካልገጠመ አንቆርጥም። አሁን ይህን መልሽልኝ።»

ፈትያ አባቷን ትክ ብላ አየችው፤ ከዚያ ሄደች።

ለመንግስቴ ይዛለት የተመለሰችው ሐሳብ ይህ ነበር፦ የአንዱን ጎጥ ቤቶች የራሱ የቅሬ አለቃና የሌላው ጎጥ የቅሬ አለቃ አብረው ይዩ፤ ሁለቱም ካልተስማሙ አይገባም። የተመረጡት ስም ሜዳ ላይ ይነበብ፣ ምክንያቱ ግን አይነበብ። ተቃውሞ ያለው ቢሮ መጥቶ ይናገር። መንግስቴ ይህን ሲሰማ አገጩን አሸ። «ነገሩስ ያስኬዳል። ግን ከላይ ሰው መጥቶ ፊት ለፊት ይበለኝ፤ ኋላ እኔ ብቻዬን እንዳልጠየቅ።» መንገዱ ደግሞ ያን ሰሞን ተዘግቶ ነበር። ፈትያ በየሰዓቱ አስፋልቱ ድረስ እየወጣች ታያለች። በመጨረሻ መንገዱ ሲከፈት ዕፀገነት በአንድ የእህል ጭነት መኪና ጋቢና ተጭና፣ ጉልበቷን እያሸች ዳባት ላይ ወረደች። «ለእናንተ ስል ከማሽላ ጋር ተጫንሁ» ነበር የመጀመሪያ ቃሏ።

ገዱም በበኩሉ ቃል አስገባቸው። «እኔ እገሌ ደሃ ነው አልልም። ደርሷል እላለሁ። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አትጠይቁኝ።»

የቀረው የእማማ ዓለምዬ ፈቃድ ነበር። ፈትያ በሩን አላንኳኳችም። ከደጃፉ ወዲህ ካለው ድንጋይ አጠገብ ቆመች፤ ብዙ ቆየች። እኔ ከአጥሬ ወዲህ ጎመን እየኮተኮትሁ ነበር። በመጨረሻ እማማ ዓለምዬ ራሳቸው ብቅ አሉ።

«ደግሞ ምን ልትይ ነው?»

«ምንም እማማ። ልጠይቅዎት ነው። በዚያን ጊዜ ሳልጠይቅዎት ተናገርሁ፤ አጥፍቻለሁ። አሁን የቅሬ አለቆቹና መንግስቴ ቤትዎ ሊመጡ ይፈልጋሉ። ቢፈቅዱ ነው። ካልፈቀዱ እነግራቸዋለሁ፤ አይመጡም።»

እማማ ዓለምዬ ወደ ውስጥ አዩ። ስመኝ በሩ ሥር ተቀምጣ ነበር፤ ከንፈሯ ገና አልሻረም።

«እኔ እንግዳ መልሼ አላውቅም» አሉ። «ነገር ግን በዚህች ቀሚስ ሰው አልቀበልም። የሰውም ነጠላ ሁለተኛ አልዋስም።»

ፈትያ አፏን ስትከፍት አየሁ። የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ምን ልትል እንደነበር ማንም ይገምታል። ዘጋችው። «እሺ እማማ» ብቻ ብላ ሄደች። ለገዱ ግን የሰማችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረችው። ገዱም «ሰምቻለሁ» አለ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መጡ፦ ገዱ፣ የወዲያኛው ጎጥ የቅሬ አለቃ፣ መንግስቴ፣ ዕፀገነት፤ ከኋላ ፈትያ። ገዱ ብብቱ ስር ነጭ ነገር ይዟል። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ሌሎቹን በእጁ አስቆመና ብቻውን ቀረበ።

«እማማ፣ ደርቤ ልካኝ ነው» አለ። «ይህን ያንለታ ጉልበቷ ላይ ጥለውባት ሄዱ አሉ። የእኔ ካልሆነ ለምን ቤቴ ያድራል፣ ለባለቤቱ መልስ ብላ ከቤት አስወጣችኝ።»

ከውስጥ አንድ እጅ ወጥቶ ነጠላውን ተቀበለ።

መንግስቴ ይህን ሁሉ በዓይኑ አየ። አረንጓዴ ጥለቱን አወቀው። ጀርባውን ለቤቱ ሰጠና ወደ ሰሜን ተራሮች ማየት ጀመረ፤ ሌሎቹም እንደሱ ዞሩ። እኔም መኮትኮቻዬን ይዤ በዚያው በኩል ዞርሁ። በደመናው ውስጥ የሚታይ ተራራ አልነበረም፤ እኛ ግን ትክ ብለን አየነው።

«ግቡ እንጂ!» አሉ እማማ ዓለምዬ ከኋላችን። «ምን ሆናችሁ ነው ደጅ የምትቆሙ? መምህር፣ እርስዎስ ጎመን ሥር ምን ተደበቁ? ይግቡ!»

ገባን። እማማ ዓለምዬ ነጠላቸውን እንደ እመቤት ተከናንበው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ስመኝ የባቄላ ቆሎ በሰፌድ አቀረበች። መንግስቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እማማ ዓለምዬ፣ እንዴት ነዎት?»

«ይመስገን የኔ ጌታ፤ ምን እሆናለሁ።»

«ቤትዎስ ደኅና ነው?»

«የሚመሰገን አይታጣም።»

ያው ሜዳ ላይ ያሉት ቃል ነው። መንግስቴ ዓይኑን ከእሳቸው አንሥቶ ገዱን አየ። ገዱ ቆሎውን እየቆረጠመ፣ እንደ ዋዛ፣ «የእማማ ዓለምዬ ደርሷል» አለ። የወዲያኛው ጎጥ አለቃም ጣራውን ሳያይ፣ ጎታውን ሳያይ፣ «ደርሷል» አለ።

«እንግዲያው ደርሷል» አለ መንግስቴ።

ስመኝ ከሳምንቱ መጨረሻ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዳ ኪኒኗን ተቀበለች፤ ስትመለስ ብልቃጡን በአጥሩ በኩል ለእኔ አንቃጨለችልኝ።

በጉብኝቱ ዕለት ግን ሰዎቹ ለመሄድ ሲነሡ፣ ፈትያ ከሁሉ ቀድማ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። እስከዚያም አልተቀመጠችም፤ ከምሰሶው አጠገብ ቆማ ነበር የቆየችው።

«አንች» አሉ እማማ ዓለምዬ። «ነይ ወዲህ። ተቀመጭ።»

«እማማ፣ ወደ ሌላው ጎጥ...»

«ተቀመጭ አልሁሽ። እኔ ካልነገርሁሽ አትነሽም። ያንለታ ሜዳ ሙሉ ሰው ፊት አቁመሽኛል፤ ዛሬ እኔ አስቀምጥሻለሁ።»

ተቀመጠች። እጇን ጉልበቷ ላይ አጣመረች። ሥዕሉ ትዝ አለኝ። ከቀሚሷ ጫፍ ስር ግን አንድ እግሯ እንደ ልብስ ስፌት መኪና መርገጫ ይወጣል ይወርዳል። ከሰፌዱ አንድ ፍሬ ባቄላ አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠች።

«አያ ገዱ» አለች በሩ ላይ የቆመውን ገዱን። «ቅሬ የሌለውስ? ከሌላ አገር ተፈናቅለው መጥተው አስፋልቱ ዳር ቤት የተከራዩት፣ ደጃቸው ላይ ደርሷል የሚልላቸው ማን ነው?»

ገዱ ወደ መንግስቴ ዞረ፤ መንግስቴ ወደ ዕፀገነት። ዕፀገነት ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ መደቡ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች።

«መጀመሪያ ቆሎሽን ብይ» አሉ እማማ ዓለምዬ።